የጋዜጠኝነት ዲግሪ የሚሻ ተማሪ ኮሌጁን በምን ይምረጥ? ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ታሪክ የተወሰደ ጥናት

ሕክምና ለመማር የሚሻ ወጣት ኮሌጅ ሲመርጥ ሁሉም የሚያስተምሩት ስለ ሰው አካልና ስለ በሽታው እንደ ሆነ ያውቃል፤ የሚለያዩት በመምህራኑ ብዛት፥ በሆስፒታሉ ስፋትና በመሣሪያው ጥራት ነው። የሕግ ትምህርትም ከዚህ እምብዛም አይርቅም። የጋዜጠኝነት ዲግሪ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ኮሌጆች ፈጽሞ የማይመሳሰል ነገር ሲያስተምሩ ይገኛሉ። አንደኛው ተማሪውን ገና በሁለተኛው ዓመት ማስታወሻ ደብተር አስይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ይልከዋል፤ ሁለተኛው አራት ዓመት ሙሉ ስለ መገናኛ ብዙኃን የተጻፈውን ንድፈ ሐሳብ ሲያስነብበው ይቆይና አንድም ዜና ለሕዝብ ሳያቀርብ ያስመርቀዋል። ሁለቱም ዲግሪ ይሰጣሉ፤ የዲግሪውም ስም አንድ ነው።

ይህ ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የጋዜጠኝነት ትምህርት በኮሌጅ ደረጃ በተለይ በአሜሪካ ሲመሠረት መሥራቾቹ እርስ በርሳቸው አልተስማሙም ነበር፤ ያ አለመስማማት ዛሬም በየትምህርት ቤቱ የጥናት ሠንጠረዥ ውስጥ ይነበባል። ስለዚህ ኮሌጅ ለመምረጥ የሚያስብ ሰው ከዝነኞቹ ስም ዝርዝር ይልቅ የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ትውልድ ቢመረምር ይሻለዋል ብለን እናምናለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናቀርበውም ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጦርነት ፍርስራሽ ነው። የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት በ1865 ሲፈጸም፥ ድል የሆነው የደቡብ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሮበርት ሊ በቨርጂኒያ ግዛት በሌክሲንግተን ከተማ የነበረው የዋሽንግተን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆኑ። አገሩ ተጎድቷል፤ ኮሌጁም ደኽይቷል። በ1869 ኮሌጁ ጋዜጠኝነትን ሞያቸው ለማድረግ ለቆረጡ እስከ 50 ለሚደርሱ ወጣቶች ነጻ የትምህርት ዕድል እንዲሰጥ ታቀደ፤ ወጣቶቹም በበኩላቸው በየሥራው ቀን አንድ ሰዓት ያህል በማተሚያ ቤት እንዲያገለግሉ ተባለ። ላቲንና ታሪክ ከፊደል ለቀማ ጋር ይማሩ ማለት ነው። ሊ በተከታዩ ዓመት ሞቱ፤ ዕቅዱም ጥቂት ጊዜ ተንገዳግዶ በ1878 ቀረ።

በዚያን ዘመን የነበሩት የኒው ዮርክ ታላላቅ አዘጋጆች ዕቅዱን የተቀበሉት በንቀት ነበር። ጋዜጠኛ የሚፈጠረው በጋዜጣ ቤት እንጂ በኮሌጅ አይደለም ይሉ ነበር። ለዚህም ምክንያት አላጡም፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ በማተሚያ ቤት ቀለም ተቀብተው ያደጉ ነበሩ። ይህ ክርክር ከዚያ ወዲህ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ ቢያልፈውም አልሞተም፤ በእኛም አገር በየጋዜጣው ቤት ከአንጋፋዎች አፍ ይሰማል።

የሚያስገርመው ግን ክርክሩን በተግባር የረቱት ሁለት ሰዎች ራሳቸው የዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጡ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው ዋልተር ዊልያምስ ናቸው። በ1864 በሚዙሪ ግዛት ተወልደው፥ ገና ልጅ ሳሉ በማተሚያ ቤት ተቀጥረው፥ ቀስ በቀስ ኮሎምቢያ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚታተም ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኑ። (ይህችን ከተማ በኒው ዮርክ ካለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚያደባልቁ ብዙዎች ናቸው። ሁለቱም በጋዜጠኝነት ትምህርት የታወቁ ስለሆኑ ስሕተቱ ቀላል ነው፤ የማመልከቻ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ግን ይጠንቀቅ።) ዊልያምስ ከግዛቲቱ የጋዜጣ ሰዎች ማኅበር ጋር ሆነው ብዙ ዓመት ከደከሙ በኋላ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት በ1908 ተከፈተ። ዲኑም እርሳቸው ሆኑ። በ1931 ደግሞ ዲግሪ የሌላቸው ሰው የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ።

የሚዙሪ ትምህርት ቤት ከሌሎች የተለየው በአንድ ነገር ነው። ትምህርት በተጀመረበት በዚያው ቀን፥ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1908፥ ተማሮቹ ጋዜጣ አወጡ። ይህ ጋዜጣ የተማሮች ወሬ፥ የኳስ ጨዋታና የዳንስ ምሽት ማስታወቂያ የሚወጣበት የግቢ ወረቀት አልነበረም። የከተማው ሕዝብ ገዝቶ የሚያነበው፥ ነጋዴው ማስታወቂያ የሚያወጣበት፥ ከሌላው የከተማው ጋዜጣ ጋር የሚፎካከር ጋዜጣ ነበር። አዘጋጆቹ መምህራኑ ናቸው፤ ዜና የሚለቅሙት፥ የሚጽፉትና የሚያርሙት ተማሮቹ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ መምህራን አንዱ ቻርልስ ሮስ ኋላ የፕሬዚዳንት ትሩማን የፕሬስ ጸሐፊ ሆነዋል። በ1910 ሜሪ ፓክስተን ከትምህርት ቤቱ በመመረቅ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ይህ «የሚዙሪ ዘዴ» የሚባለው ትምህርት ፍሬ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ አንድ ተማሪ የሰው ስም አሳስቶ ቢጽፍ የሚሆነውን ማሰብ ይበቃል። በክፍል ውስጥ የተጻፈ መልመጃ ከሆነ መምህሩ በቀይ ቀለም ያሰምርበታል፤ ተማሪው ጥቂት ነጥብ ያጣል፤ ነገሩም በዚያው ይቀራል። ጋዜጣው ለከተማ ሕዝብ የሚሸጥ ከሆነ ግን ስሙ የተበላሸው ሰው በማግሥቱ ጠዋት ቢሮ ድረስ ይመጣል። ነጋዴ ይሁን፥ ቄስ ይሁን፥ የሟች ወንድም ይሁን ፊት ለፊት ቆሞ ይጠይቃል። ከዚህ በኋላ ያ ተማሪ ስም ሳያጣራ ይጽፋል ብሎ የሚያስብ የለም። እኛ እንደምንገምተው ጋዜጠኝነትን ከሌላው የጽሕፈት ትምህርት የሚለየው ይኸው ነው፤ የሚጻፍለትና የሚጻፍበት ሰው በሕይወት አለ፥ አድራሻም አለው። ዩኒቨርሲቲው ይህንኑ ዘዴ በ1953 ወደ ቴሌቪዥን አሻገረው። የራሱ ንብረት የሆነ የንግድ ቴሌቪዥን ጣቢያ አቋቁሞ ተማሮች በዜና ክፍሉ እንዲሠሩ አደረገ።

ሁለተኛው ሰው ጆሴፍ ፑሊትዘር ናቸው። በ1847 በሃንጋሪ ተወልደው በ1864 ወደ አሜሪካ የተሻገሩት በርስ በርሱ ጦርነት ለሰሜኑ ጦር ወታደር ለመሆን ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በሴንት ሉዊስ ከተማ በጀርመንኛ በሚታተም ጋዜጣ ሪፖርተር ሆኑ፤ እንግሊዝኛቸውንና ሕጉን በከተማው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ተማሩ። በ1883 «ወርልድ» የተባለውን የኒው ዮርክ ጋዜጣ ገዝተው ባለጸጋ ሆኑ። ባለጸግነታቸው ግን ከነቀፌታ ጋር ነበር፤ ወሬን እያጋነኑና እያንጫጩ የሸጡበት ዘመን አልፎባቸዋል። ኋላ ዓይናቸው ሲታወር የሞያው ክብር ያሳስባቸው ጀመር። በ1892 ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ላቋቁም ብለው ቢጠይቁ ተቀባይነት አላገኙም። በ1903 ግን 2 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማሙ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተቀበለ።

እዚህ ላይ የተነሣው ጠብ ዛሬ ኮሌጅ ለሚመርጥ ሰው እጅግ ጠቃሚ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤሊየት ሐሳብ ሲጠየቁ፥ ተማሪው የጋዜጣን አስተዳደር፥ የማስታወቂያን ገበያና የሽያጭን ሥራ ጭምር ይማር የሚል የጥናት ዕቅድ አቀረቡ። ፑሊትዘር አልተቀበሉትም። በ1904 ባሳተሙት ረዥም ጽሑፍ፥ ኮሌጁ የሕዝብን ጥቅም የሚጠብቅ ሰው እንዲያወጣ እንጂ ገንዘብ መሰብሰብን እንዲያስተምር አልፈልግም የሚል አቋም ያዙ። በንግድ ብልሃት የከበረ ሰው ይህን ማለቱ ያስቃል የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ነገሩን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ፍርድ አድርገን ብንወስደው ይቀለናል። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ስለ አማካሪ ቦርዱ ስላልተስማሙ ሥራው ዘገየ፤ ፑሊትዘር በ1911 ሞተው ትምህርት ቤቱ በ1912 ተከፈተ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። የኮሎምቢያው ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያ ዲግሪ የሚያስተምር ነበር። በ1935 ግን ዲኑ ካርል አከርማን የመጀመሪያ ዲግሪውን አስቀሩትና ትምህርት ቤቱን ሌላ ትምህርት ተምረው ለተመረቁ ሰዎች ብቻ የሚሆን የአንድ ዓመት ትምህርት አደረጉት። ጋዜጠኛ በመጀመሪያ የተማረ ሰው መሆን አለበት፤ ዜና መጻፍን ከዚያ በኋላ በአንድ ዓመት ይለምደዋል ማለታቸው ነው። ስለዚህ በዓለም ከታወቁት የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች አንዱ፥ እኛ የምንጠይቀውን ጥያቄ ራሱን ውድቅ አድርጎታል። ለመጀመሪያ ዲግሪ የትኛውን የጋዜጠኝነት ኮሌጅ ልምረጥ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ «ማንኛቸውንም፤ ታሪክ ተማርና ተመለስ» የሚል ነው።

ይህን መልስ የሚያጸና ምሳሌ አይጠፋም። በሃርቫርድ የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል የለም፤ ነገር ግን ተማሮች ራሳቸው የሚያዘጋጁት «ክሪምሰን» የተባለ ጋዜጣ ከ1873 ጀምሮ አለ። ዴቪድ ሃልበርስታም በዚህ ጋዜጣ ማኔጂንግ ኤዲተር ሆነው በ1955 ተመረቁ። ከዚያም ወደ ታላላቅ ከተሞች በመሄድ ፈንታ ሚሲሲፒ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ጋዜጣ ተቀጠሩ፤ የግዛቲቱ ትንሹ ዕለታዊ ጋዜጣ ነበር። በ1964 ከቬየትናም በላኩት ዜና የፑሊትዘርን ሽልማት አገኙ። የጋዜጠኝነት ዲግሪ አልነበራቸውም። ሆኖም ይህን ምሳሌ የሚጠቅሱ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ሃልበርስታም በሃርቫርድ የጋዜጠኝነት ክፍል ባያገኙም ጋዜጣ አግኝተዋል። ክፍሉ በሌለበት ጋዜጣው ሠራ፤ ጋዜጣው በሌለበት ግን ክፍሉ ብቻውን ምን ሊሠራ እንደሚችል እንጠራጠራለን።

በሚዙሪና በኮሎምቢያ መካከል ሦስተኛ መንገድ የቀየሱት የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ዊላርድ ብላየር ናቸው። ብላየር የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ፤ የጋዜጠኝነት ትምህርትን መስጠት የጀመሩት የሚዙሪው ትምህርት ቤት ሳይከፈት ነው። በእርሳቸው ሐሳብ የጋዜጠኝነት ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ነገር ግን ተማሪው ከትምህርቱ ጊዜ አብዛኛውን በታሪክ፥ በኤኮኖሚክስ፥ በፖለቲካና በማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ላይ ማሳለፍ አለበት። ስለ ግብር የሚጽፍ ሰው ግብር ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ዓረፍተ ነገሩን ቢያሳምር ምን ይረባል? ይህ ሐሳብ እየሰፋ ሄዶ ኋላ ለጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች ዕውቅና የሚሰጠው የአሜሪካ ምክር ቤት ደንብ ሆነ። ለብዙ ዓመታት ደንቡ የተማሪው ትምህርት ሦስት አራተኛው ከጋዜጠኝነት ክፍል ውጭ እንዲሆን ያዝዝ ነበር፤ ከ120 ክሬዲት 90 ያህሉ ማለት ነው። በ2010ዎቹ ይህ ቁጥር ወደ 72 ዝቅ ብሏል።

ዕውቅናው ራሱ ምን ያህል ይመዝናል? አንዳንድ ተማሮች ዕውቅና ያለው ኮሌጅ ሁሉ ደኅና፥ የሌለው ሁሉ መጥፎ ይመስላቸዋል። በ1921 የተመሠረተው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሜዲል ትምህርት ቤት በአሜሪካ ከታወቁት አንዱ ሲሆን በ2017 ዕውቅናውን አላሳድስም ብሎ ትቶታል። ስለዚህ የዕውቅና ወረቀት ከወለል በታች ላለመውደቅ ዋስትና ይሆን እንደ ሆነ እንጂ ጣሪያውን አያሳይም። ወረቀቱን ከመጠየቅ ይልቅ የብላየርን ጥያቄ መጠየቅ ይበልጣል፤ በአራቱ ዓመት ውስጥ ከጋዜጠኝነት ክፍል ወጥቼ ምን እማራለሁ?

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ መምረጥ ለሚችል ሰው ነው። መምረጥ የተከለከለ ሰውስ? የሚዙሪን ትምህርት ቤት ካመሰገንን በኋላ የሚቀጥለውን ሳንጽፍ ብናልፍ ታሪክ ጻፍን ለማለት አንደፍርም።

ወይዘሪት ሉሲል ብሉፎርድ ያደጉት በሚዙሪ ግዛት በካንሳስ ሲቲ ነው። ጋዜጠኛ ለመሆን ቆርጠው ነበር፤ ዝነኛውም የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የሚገኘው በዚያው በግዛታቸው ነበር። ነገር ግን ጥቁር ስለሆኑ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በሩ ዝግ ነበር። ስለዚህ ወደ ጎረቤቱ ግዛት ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ጋዜጠኝነት ተማሩና በ1932 ተመረቁ። «ካንሳስ ሲቲ ኮል» በተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ተቀጥረው እስከ ማኔጂንግ ኤዲተርነት ደረሱ። በ1938 መጨረሻ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሎይድ ጌይንስ በተባሉ ጥቁር ወጣት ክስ፥ ሚዙሪ ለነጮች የሕግ ትምህርት በግዛቲቱ ውስጥ ከሰጠች ለጥቁሮችም እዚያው መስጠት አለባት ብሎ ፈረደ። ወዲያው ብሉፎርድ ለሚዙሪ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ለድኅረ ምረቃ አመለከቱ። የትምህርት ማስረጃቸው ተመርምሮ ተቀባይነት አገኙ። በ1939 መጀመሪያ ሊመዘገቡ በአካል ሲቀርቡ ግን፥ ጥቁር መሆናቸው ታየና ተመለሱ።

ብሉፎርድ በተደጋጋሚ አመለከቱ፤ ዩኒቨርሲቲውንም ከሰሱ። ነገሩ እየተጓተተ እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። መጨረሻው ለማመን የሚያዳግት ነው። ዩኒቨርሲቲው እርሳቸውን ከማስገባት ይልቅ የጋዜጠኝነትን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ዘጋው፤ ግዛቲቱ ደግሞ በ1942 ሊንከን በተባለው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ሌላ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት አቋቋመች። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ዲን ዊልያምስ ዓለምን እየዞሩ የጋዜጠኞችን ወንድማማችነት ከሰበኩና ትምህርት ቤቱም በ1920ዎቹ በቻይና ከየንቺንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከተወዳጀ በኋላ ነው። ሩቅ አገር የደረሰው እጅ ደጁ ላይ ለቆመችው ልጅ አልተዘረጋም። ጥቁሮች ወደ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የገቡት በ1950 ነው። ብሉፎርድ ጋዜጣቸውን እያዘጋጁ ኖሩ፤ በ1989 ያው ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ዘረኝነት ክፉ መሆኑን ብቻ አይደለም፤ ያንንማ ሁሉም ያውቀዋል። የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት በሩ ለማን እንደተከፈተ መጠየቅ ለተከለከለው ሰው ብቻ ሳይሆን ለገባውም ተማሪ ይጠቅመዋል። በእነዚያ ዓመታት በሚዙሪው የዜና ክፍል ከተቀመጡት ተማሮች መካከል አንድም ጥቁር አልነበረም። ስለ ከተማው ጥቁር ሕዝብ የሚጠይቅ፥ የሚያርም፥ «ይህ እንዲህ አይደለም» የሚል የክፍል ጓደኛ አልነበራቸውም። ዘዴው ምንም ያህል ቢያምር የተማሩት ከተማ ግማሽ ከተማ ነበር ለማለት እንደፍራለን። ዛሬም ቢሆን ከአንድ አውራጃ፥ ከአንድ ቋንቋ ወይም ከአንድ የኑሮ ደረጃ የተሰበሰቡ ተማሮች ብቻ ያሉበት የጋዜጠኝነት ክፍል፥ ሕግ ሳይከለክለው እንኳን፥ ይኸው ጉድለት ያገኘዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ሌላ ለውጥ መጣ፤ ይህኛው ወደ እኛ አገርም ስለደረሰ በአጭሩ እንጠቅሰዋለን። ዊልበር ሽራም የተባሉ ሊቅ በ1943 በአይዋ ዩኒቨርሲቲ፥ በ1947 ደግሞ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የኮሙኒኬሽን ጥናት እንዲስፋፋ አደረጉ። ጥያቄያቸው ዜና እንዴት ይጻፋል የሚል ሳይሆን መልእክት ከሰው ወደ ሰው እንዴት ይተላለፋል፥ ምንስ ያደርጋል የሚል ነበር። ጥያቄው የከበረ ነው፤ የራሱም ሊቃውንት ወጥተውለታል። ነገር ግን ብዙዎቹ የጋዜጠኝነት ክፍሎች ይህን ጥናት፥ ከዚያም የሕዝብ ግንኙነትንና ማስታወቂያን ጨምረው «ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን» ተባሉ። የሕዝብ ግንኙነት ሹም ሥራ ስለ መሥሪያ ቤቱ መልካሙን ማሳወቅ ነው፤ የጋዜጠኛ ሥራ ያ መሥሪያ ቤት የደበቀውን መጠየቅ ነው። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ መምህር ይማራሉ። ፑሊትዘር የኤሊየትን ዕቅድ ሲከለክሉ የፈሩት ከዚህ የራቀ አይመስለንም።

በኢትዮጵያ «አዲስ ዘመን» በ1941፥ «ኢትዮጵያን ሄራልድ» በ1943 ሲመሠረቱ አዘጋጆቻቸው ሞያውን የተማሩት በሥራ ላይ ነበር፤ ለረዥም ዘመንም እንደዚሁ ቀጠለ። በ1996 የመገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ተቋም ተከፈተ። በ2004 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በባሕር ዳር፥ በመቀሌና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል። የክፍሎቹ ስም፥ ከላይ እንደ ተናገርነው፥ ከሽራም ዘመን የወረደ ነው፤ ከሚዙሪ ወይም ከብላየር አይደለም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ምርጫውን በቅደም ተከተል ሞልቶ ይሰጣል፤ የሚመደበው ግን እንደ ፈተናው ውጤትና እንደ ቦታው ብዛት ነው። ስለዚህ ስለ ምርጫ መጻፋችንን ከንቱ ድካም የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የቅደም ተከተሉን ዝርዝር የሚሞላው ራሱ ተማሪው ነው፤ በግል ኮሌጅ የሚማረውም ከገንዘቡ ጋር ይመርጣል፤ የተመደበውም ቢሆን ከገባ በኋላ የሚወስዳቸውን ተጨማሪ ትምህርቶችና የሚለማመድበትን ቦታ በተቻለው መጠን ይመርጣል።

እንግዲህ የሚመርጥ ሰው ከየት ይጀምር? በእኛ ግምት ከሕንጻውም፥ ከስቱዲዮውም፥ ከካሜራው ብዛትም አይደለም። ካሜራ በአምስት ዓመት ያረጃል፤ ዛሬማ ተማሪው ከኪሱ አውጥቶ የሚቀርጽበት ስልክ አለው። ለመጠየቅ የሚቻል ከሆነ ያለፈውን ዓመት ተመራቂዎች አግኝቶ በሦስተኛው ዓመት ምን ጻፋችሁ፥ ማን አነበበው፥ ስትሳሳቱ ማን ጠራችሁ ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ «መምህሩ አነበበው» የሚል ከሆነ ያ ክፍል የጽሕፈት ክፍል ነው። የከተማው ሰው፥ የገበያው ሰው፥ የቀበሌው ሊቀ መንበር አነበበው፥ ተቆጣም የሚል ከሆነ ትምህርት ቤት ተገኝቷል። ከዚያ ቀጥሎ የትምህርቱን ሠንጠረዥ ተቀብሎ ከጋዜጠኝነት ውጭ የሆኑትን ትምህርቶች መቍጠር ነው፤ ሕግ፥ ኤኮኖሚክስ፥ የኢትዮጵያ ታሪክ፥ ስታቲስቲክስ፥ ሁለተኛ የአገር ውስጥ ቋንቋ አሉበት ወይስ የሉበትም? በተለይ የመጨረሻው በአሜሪካ ታሪክ ውስጥ እምብዛም አልተነሣም፤ በእኛ አገር ግን ከሁሉ የሚቀድም ይመስለናል። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሪፖርተር ጅማ ወይም ነጆ ወርዶ ገበሬውን የሚያነጋግረው በአስተርጓሚ ነው፤ አስተርጓሚውም ብዙ ጊዜ የዚያው ወረዳ ሠራተኛ ነው።

የክፍሉ ጋዜጣ ወይም ሬዲዮ የማን እንደ ሆነም መጠየቅ አይቀርም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሲሳሳት፥ ምግብ ሲበላሽ ወይም መኝታ ቤት ሲፈርስ፥ ተማሮቹ ያንን ሊጽፉት ይችላሉን? በሚዙሪም ሆነ በሃርቫርድ ይህ ጥያቄ በየጊዜው ተነሥቷል። ጥያቄው የተነሣባቸው ቦታዎች ሁሉ ጋዜጣ ነበራቸው። ፈጽሞ ተነሥቶ የማያውቅበት ኮሌጅ ካለ፥ ያለፈውን ዓመት የጋዜጣውን እትሞች አስወጥቶ አንድ በአንድ ማየት ነው፤ በሁለት ሰዓት ያልቃል።